ለመሬት የተላኩ ሽማግሌዎች

ወደ ገበሬው ወደ ኮርኔሊስ ሽማግሌ እንላክ ያሉት ሰዒድ ናቸው። ልጃቸው ኑስራ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ግን ሰዒድ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ኮርኔሊስ ለሽያጭ ያቀረበው፣ ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ያለው እርሻ ሁለት ቤትና አንድ ጎተራ አለው። ከተገዛ ኑስራ ከነልጆቿ፣ ወንድሟም ከነቤተሰቡ፣ አባታቸውም ደረጃ በሌለው ክፍል፣ በአንድ ግቢ ሊኖሩ ነው። ካልሆነ ግን የሰዒድ ጉልበት ዴልፍስሃቨን በተባለው ሰፈር የሚኖሩበትን ሦስተኛ ፎቅ አልቻለምና የአረጋውያን መኖሪያ መግባታቸው ነው። በሥራዋ ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ስታጥብ የምትውለው ኑስራ የራሷን አባት ለሰው መስጠቱ አንገብግቧታል።

«አባባ፣ እዚህ አገር በማክላር ነው የሚጠየቀው» አለች፣ ደላላውን ማለቷ ነው። «ዋጋችንን በኢሜል ልከናል። በቃ።»

«ልጁን በኢሜል የሚድር አባት አይተሻል?»

እሑድ ዕለት ሰዒድ ላክ በተባለው ሰፈር የሚኖሩትን ወዳጃቸውን ኣብራሃለይን አስከትለው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው በኑስራ መኪና ሄዱ። ኣብራሃለይ ወደብ ላይ ሲሠሩ ያረጁ ኤርትራዊ ናቸው፤ ደችኛውን ያቀላጥፉታል። ኮርኔሊስ ወንበር ቢስብላቸው አሻፈረኝ አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ሰዒድ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው መሬቱን ለልጆቻቸው ለመኑ፤ እንደማይሸነሽኑት፣ የፖም ዛፎቹንም እንደማይቆርጡ ቃል ገቡ። ኑስራ በሩ ላይ ሆና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ኮርኔሊስ «ላስብበት። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አለ።

መኪና ውስጥ ኑስራ አለቀሰች። «እምቢ ማለቱ እኮ ነው።»

የሰዒድ ፊት ግን በርቷል። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ልጁን የጠላ አባት ነው። ቀጠሮ ሰጠን።»

በሳምንቱ ሲደርሱ ኮርኔሊስ ኮት ለብሶ ደጅ ቆሟል። ከኋላው አራት ወንበሮች ተደርድረዋል።

«ሌሎቹ ገዢዎች ስንት ካሬ ሜትር ነው ብለው ነው የጠየቁኝ» አለ። «ማንም ቆሞ አልለመነኝም።» እጁን ወደ ወንበሮቹ ዘረጋ። «ቁጭ በሉ።»

ኣብራሃለይ ሊተረጉሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰዒድ ተቀምጠዋል። ኑስራ ደስታዋን መቻል አቅቷት ተንበርክካ ያን የታመመ ጉልበት ሳመች።

ኮርኔሊስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አልፎ አልፎ ዛፎቹን ለማየት ብመጣ ቅር ይላችኋል?»

ሰዒድ ተቆጡ። «ልጁን የዳረ ሰው ምን ፈቃድ ይጠይቃል? ከዛሬ ጀምሮ አማቻችን ነዎት።»

ኣብራሃለይ ይህንንም ተረጎሙለት። ኮርኔሊስ አንድ ወንበር ስቦ ከሰዒድ ጎን ተቀመጠ።