በወስፌ የወረዱ ካርዶች

የሆስፒታሉን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋንታሁንን አለቃው ጌታው የሰደበው ኅዳር ስምንት ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አምስት ሰው ፊት ነው። ፋንታሁን ከሳንባ ሕሙማን ካርድ ውስጥ የአንድ አውራጃ ሰዎችን ለመለየት አንድ ባንድ ሲገልጥ ሦስት ቀን ፈጅቶ ነበር። ያ ትናንት ከኮሌጅ የመጣ አለቃ፣ "አያ ፋንታሁን፣ ምስር እየለቀሙ ነው እንዴ? ስድስተኛ ክፍልማ እንኳን ለመዝገብ ቤት ለዘበኝነትም አይበቃ!" አለው። ሳቁበት። ማን ቀድሞ እንደሳቀ ሳይቀር ያስታውሳል።

ስድቡ ሁለት ዓመት እንደ እሾህ ሲወጋው ኖረ። እየወጋውም መላ መታ። የየካርዱን ጠርዝ አንድ ዓይነት አድርጎ በሳ፤ አንዱ ቀዳዳ ለወገራ አውራጃ፣ አንዱ ለጭልጋ፣ አንዱ መድኃኒት ላቋረጠ። ሰውየው የወገራ ከሆነ የወገራን ቀዳዳ እስከ ጠርዙ በመቀስ ይከፍተዋል።

ዛሬ ነርሷ ሲስተር ብርቱካን እየተጣደፈች ገባች።

"ፋንታሁን ወንድሜ፣ መድኃኒት ያቋረጡትን የወገራ ሰዎች አውጣልኝ። ወደዚያ የሚሄደው መኪና ስምንት ሰዓት በወታደር እጀባ ይወጣል። ካመለጠኝ እስከ ሳምንት መንገድ የለም። ደም መትፋት የጀመሩ አሉ።"

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"ሰባት ተኩል።"

"ይበቃል።"

ካርዱን በጭብጥ በጭብጥ እያነሳ፣ ሚስቱ ስፌት የምትሰፋበትን ረጅም ወስፌ በወገራ ቀዳዳ አሳልፎ ነቀነቀ። የወገራው ዝርግፍ አለ፤ ሌላው ወስፌው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የወደቀውን ሰብስቦ ደግሞ መድኃኒት ባቋረጡት ቀዳዳ ወጋው። አርባ ሦስት ካርድ ረገፈ። አንድም ስም አላነበበም።

"ሸጋ ነው! ምነው እስከ ዛሬ ደበቅኸን?" አለች ብርቱካን።

ጌታው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "የመንግሥት ሰነድ ብሳ ያለህ ማነው?"

"ጓድ ጌታው፣ ሰዎቹ ተለይተዋል። የቀረው ፊርማዎ ነው።"

"በጥንቆላ አልፈርምም! ሁሉም አንድ ባንድ ሳይታይ ካርድ ከዚህ አይወጣም።"

"ሺ ስምንት መቶ እኮ ነው" አለች ብርቱካን። "መኪናው ይሄዳል!"

"ይሂዳ!" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የመጀመሪያዋን ካርድ ገለጠ። ሁለተኛዋን ገለጠ።

ሁለት ዓመት ሲሰናዳ የከረመው መልስ ፋንታሁን ጉሮሮ ላይ ደረሰ። ደጅ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ቢጀምረው ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃል። ዋጠው። አርባ ሦስቱን ካርዶች ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና "ሲስተር፣ ነይ እንሂድ" አለ።

"ያለ ፊርማ ብትወጣ ከሥራ መባረር ብቻ እንዳይመስልህ! እስር ቤት ነው! አንተን እኮ ነው!"

ፋንታሁን ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየው ወደ መኪናው አመራ።