የወፍ ጠበቃዋ ምሕረት

ሠራተኞቹ «የወፍ ጠበቃ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለፌዝ ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ጫጩት ያለበትን ጎጆ ማፍረስ በሕግ ያስቀጣል። የአሮጌው መጋዘን ጣሪያ ከመነሳቱ በፊት አይታ «ባዶ ነው» ወይም «አቁሙ» የምትለው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት በወዲያኛው በኩል ጎጆ አግኝታ ሥራ ስታስቆም፣ ፎርማኑን «አንተ» እያለች በሠራተኞቻቸው ፊት ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። አባቷ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ዋጡት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በወዲህኛው በኩል ቁጭ ብላ ጠበቀች። እናት ወፍ ምግብ በአፏ ይዛ ከገባች ጫጩት አለ፤ ካልገባች የለም። ታዲያ ይህ የሚታየው ከሩቅ ሆኖ ነው፤ ወፍ ሰው አጠገብ ካየች ጎጆዋን አታሳይም። ይህን እሷ ራሷ ለስንቱ አስተምራለች! ግን ራቅ ያለውን ቦታ ፀሐይ ይመታዋል፤ ጠበቃችን ሆዬ ጥላ ፈልጋ እዚያው ጣሪያው ሥር ወንበሯን ዘረጋች። የገባ የለም፣ የወጣ የለም። «ባዶ ነው። ብቻ ሳንቃውን ቀስ እያላችሁ አንሱ» ብላ ተነሳች።

መኪናዋ ጋ ደርሳ ዞር ስትል፣ ወንበሯ ከነበረበት በላይ አንዲት ጥቁር ወፍ ሽው ብላ ገባች። አፏ ሙሉ ነበር። ለካ እሷ እስክትሄድላት ነበር የምትጠብቀው።

ሮጦ «ቆዩ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ምን ነበረበት? ግን የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ያ ሁሉ የተቆጣችው ሰው ሊስቅባት ነው። ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ መፈለግ ጀመረች። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። የሮጠችው ሳንቃው ሲገነጠል ስትሰማ ነው።

ፎርማኑ ባርኔጣቸውን ገልብጠው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ውስጡ ላባ እንኳ ያላወጡ ጫጩቶች አሉ፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀስም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እመቤቴ» አሏት። እስካሁን «ልጄ» ነበር የሚሏት። «ቀስ በሉ ብለውን ነበር፤ ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፍርድ ቤት አያቁሙኝ።»

«የኔ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷ እሳት ሆነ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሠራተኞቹ ሁሉ ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

«ግድ የለም» አለች። «ለዛሬ ምሬዎታለሁ።»

«እርስዎ» ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሽማግሌው በእፎይታ ተነፈሱ። «አያችሁ?» አሉ ወደ ሠራተኞቹ ዞረው። «ቁጣዋን አትዩ፤ ልቧ ንጹሕ ነው። እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን፣ ልጄ።»

ሠራተኞቹ «አሜን» አሉ። የወፍ ጠበቃዋም ባርኔጣው ላይ አፍጥጣ «አሜን» አለች።