ከህሩይ የተረፈ ጠበል

ባሌ መሪጌታ ህሩይ ታሞ በተኛበት ዓመት በየማለዳው ጠበል በኩባያ አቀርብለት ነበር። የተረፈውን፣ እግር እንዳይረግጠው፣ ደጃፋችን ላይ ባለው ጤና አዳም ሥር አፈስሰው ነበር።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ጎረቤታችን አያ ዳኛው መጡ። እንደ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» አላሉኝም። ጣታቸውን ጤና አዳሙ አፈር ውስጥ ከተቱ።

«ምነው፣ ውሃ አታጠጪውም? እስከ ውስጡ ደርቋል።»

አጠጥቼው እንደማላውቅ ነገርኳቸው። እውነቴን ነበር የመሰለኝ።

«ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አፈሩ ሲደርቅ፣ አንድ ኩባያ ይበቃዋል» አሉኝ።

በማግስቱ የህሩይን ኩባያ ከቧንቧ ሞልቼ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩለት። ውሃው ቶሎ አላልቅ አለኝ። ድሮ ለጤና አዳሙ የሚደርሰው ከህሩይ የተረፈው ብቻ ነበር፤ አሁን የሚጋራው ሰው የለም።