ዳገት ላይ የሚያፏጨው መኪና

«ስሙ ቱርቦ አይደለም፤ ተርቦ ነው። ተርቦ ልጄን በላው» አሉ የሟቹ እናት እማሆይ ወለተ ሥላሴ።

የለቅሶው ዳስ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ንፍሯቸውን በእፍኛቸው እንደያዙ ዞረው አዩዋቸው። ከመካከላቸው አንዷ «እውነትም ተርቦ!» ብላ ለጎረቤቷ ስታንሾካሽክ ባንቺዓለም ሰማቻት፤ ቀና ግን አላለችም። ባሏ ጓዴ ከተቀበረ ወዲህ የሰው ድምፅ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ነበር የሚደርሳት። ቀርቦ የሚሰማት የመኪናው ፉጨት ብቻ ነው። ዐይኗን ስትከድን ከሞጣ በኩል፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጥኖ ይመጣል፤ ስትገልጥ ይጠፋል።

መኪናው ግን የትም አልሄደም። እዚያው ቢቸና፣ ከዳሱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል። የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበሩ አሮጌ ቶዮታ ነው፤ ጓዴ ከቢቸና ሞጣ እህልም ሰውም ሲያመላልስበት ኖሯል። ካድሬዎቹ «ጓድ ጓዴ» ብለው ሲጠሩት «አንዱ ይበቃኛል» እያለ ያስቃቸው ነበር። ከቀብር መልስ ታናሽ ወንድሙና ረዳቱ ፋንታ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከቱርቦው ጋር የተያያዘችውን ቀጭን ዘንግ በፒንሳ ነቅሎ ወረወራት። «ከእንግዲህ አታፏጭም!» ብሎ ሲጮኽ ያየው ሁሉ አለቀሰ። ባንቺዓለም ዘንጓን ከሣሩ ላይ አንሥታ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

«ቅመሽ እንጂ የኔ እመቤት፣ ሆድሽ ባዶ ነው» አለቻት አንዷ ጎረቤት። ባንቺዓለም ዐይኗን ከደነች።

ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። ምጥ ጠንቶባት ወደ ሞጣ ሐኪም ቤት ሲወስዷት ይኸው ቶዮታ ከወንዙ የሚያወጣውን ዳገት ጀመረ። ጓዴ በአንደኛ ማርሽ እየነዳ «አይዞሽ፣ ደረስን፣ ደረስን» ይላታል፤ ሞተሩ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል፤ ከመንገዱ ዳር ያለችው ግራር ከመስኮቱ ፊት አልፋ አታልፍም። ልጁ የተወለደው ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። አላለቀሰም። ጓዴ ሞተሩን አጥፍቶ ልጁን በጋቢው ታቀፈና ወደ ላይ፣ ወደቀረው ዳገት፣ ብዙ አየ። እሷን አላያትም፤ ሰማዩንም አላየም። ዳገቱን ብቻ።

ከዚያ ወዲህ የተገለበጠ መኪና ባየ ቁጥር ወርዶ ሆዱን የሚፈትሽ ሰው ሆነ። አንድ ጊዜ ከሉማሜ ሲመለስ ለሞተሩ አየር የሚነፋ፣ ቱርቦ የሚሉትን ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ አመጣ። «ምንድን ነው?» አለችው። «ሳንባ ነው። መኪናው ሁለተኛ ሳንባ ሊያበቅል ነው» አላት። ሙያ ካለው ሁሉ እየጠየቀ፣ ቧንቧ እያስበየደ፣ ክረምቱን በሙሉ ከመኪናው ጋር ታገለ። በመጨረሻ ሲያስነሡት መኪናው አፏጨ፤ ዳገቱንም እንደ ሜዳ ወጣው። ጫፍ ላይ ግን የራዲያተሩ ውኃ ፈልቶ በእንፋሎት ተሸፈኑ።

ቱርቦው ግፊቱ ሲበዛበት ጭሱን በጎን የሚያስወጣ ትንሽ በር ነበረው። ጓዴ ያችን በር የምትከፍትና የምትዘጋዋን ዘንግ አጥብቆ ስለያዛት በሩ አይከፈትም።

«እስቲ የሚተነፍስበት ተውለት» አለችው።

«በተነፈሰ ቁጥር ጉልበት ይባክናል።»

«ሳይተነፍስ ዳገት የወጣ ማን አለ?»

ትክ ብሎ አያትና ከልጁ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። የእሱ ጣት ወፍራም ነው፤ ቧንቧዎቹ መሀል አይገባም። የእሷ ይገባል። «ዘንጓ ማንጠልጠያዋ ላይ እንዲሁ ከወደቀች ላልታለች፤ ታግለሽ ካስገባሻት ጠብቃለች» እያለ አስተማራት። «ዐይናፋር ልጅ እጁን ይዘሽ ወደ እንግዳ እንደምታቀርቢው፣ ሳብ ስታደርጊያት ብቻ ትግባ። ያኔ ልክ ናት።»

ከዚያ በኋላ ምጥ የያዛትን ሴት ማንም ሳይለምነው ይጭን ነበር። በመንገዱ ዳር ያሉ ሴቶች ፉጨቱን ሲሰሙ ሥራቸውን ትተው «ማርያም ትድረስልሽ» ማለት ለመዱ።

ዐይኗን ስትገልጥ ዳሱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሟል። አልገባም፤ አልተቀመጠም። የኩታውን ጫፍ ያፍተለትላል።

«እግዜር ያጽናችሁ። በዚህ ሰዓት መምጣቴ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ» አለ። «ሚስቴ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የጤና ረዳቷ ሞጣ አድርሷት አለችኝ። ቀበሌውም የይለፍ ወረቀት ሰጥቶኛል። መኪና ነው ያጣሁት።»

ፋንታ አንገቱን ደፋ። «መኪናው ዳገቱን አይወጣም፤ የቱርቦውን ዘንግ ነቅዬ ጥያታለሁ።»

ባንቺዓለም ተነሣች። ሴቶቹ አጉረመረሙ።

«ወዴት ነው? የባልሽ አፈር ሳይደርቅ!» አሉ እማሆይ ወለተ ሥላሴ።

«እማሆይ፣ ልጅዎን መኪናው አልበላውም። ልቡን ታሞ ነበር። እርስዎ እንዳይሰሙ ብሎ አስምሎኛል።» ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። «ፋንታ፣ አንተ አብረኸው ነበርክ። እንዴት እንደሆነ ንገራቸው።»

ፋንታ ቀና አለ። «ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ወጣን። ዳር ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሞተሩን አጠፋ። ‹ጥቂት ልረፍ› አለኝና ራሱን መሪው ላይ አስደገፈ። ተሳፋሪዎቹ እረፍት መስሏቸው ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ ነበር። አንድም ሰው አልደነገጠም፣ እማ።»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ለእኔ ሳይነግረኝ…» አሉ። በር ላይ ወደቆመው ሰው አዩ፤ ከዚያ ወደ ምራታቸው። «ሂጂ እንግዲህ። ምጥ ለቅሶ አይጠብቅም።»

ባሕር ዛፉ ሥር ጉሙ ገና አልተነሣም። ባንቺዓለም ዘንጓን ከመቀነቷ አውጥታ ግራ እጇን በቧንቧዎቹ መሀል ሰደደች። ብረቱ ቀዝቅዟል። ዘንጓ መጀመሪያ እንዲሁ ወደቀች፤ ብሎኗን አጠበቀቻት። ቀጥሎ እንቢ አለቻት፤ መልሳ አላላቻት። ከዚያ ጣቷ ላይ ሳብ ብላ፣ ጥቂት አፍራ፣ ገባች። ባንቺዓለም እጇን ቶሎ አላወጣችም።

ሴትዮዋን በፍራሽ አምጥተው ጫኗት። ፋንታ መሪውን ጨብጦ «እፈራለሁ» አለ።

«የሙቀቱን መርፌ እያየህ ንዳ። ከፍ ካለች ከነዳጁ ላይ እግርህን አንሣ። የበዛውን ግፊት ዘንጓ ራሷ ታስተነፍሰዋለች።»

መኪናው ሄደ። ባንቺዓለም ወደ ዳሱ ተመልሳ ተቀመጠች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከጉሙ ባሻገር ፉጨቱ ተሰማ፤ ቀጠነ፤ ጠፋ። ባንቺዓለም በሕልሜ ይሆን ብላ ዙሪያዋን አየች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሞጣ መንገድ ዞረዋል። እማሆይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፦ «ማርያም ትድረስልሽ።»

ማምሻውን ፋንታ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። «በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት» አለ። አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ያለችበት ትዝ ሲላት በመዳፏ አፈነችው። ፋንታ ምሰሶውን ተደግፎ ቁጭ አለና ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

እራት ቀረበ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ የእጅ ውኃውን ከያዘችው ሴት ላይ ማንቆርቆሪያውን ተቀብለው ራሳቸው ባንቺዓለም ፊት በርከክ አሉ።

«እጅሽን አምጪ፣ ልጄ።»

ባንቺዓለም ቀኝ እጇን ብቻ ዘረጋች። ውኃው ፈሰሰ። አሮጊቷ ሌላውን ጠበቁ።

«ግራሽስ?»

«ይቆይ፣ እማሆይ።»

ከነጠላዋ ሥር የወጣው የጣቷ ጫፍ በዘንጓ ግራሶ ጠቁሯል። እማሆይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው የነጠላዋን ጠርዝ ሳብ አደረጉና ያችን እጅ ሸፈኑላት።