አስር ሰዓት ላይ ደውል

ጀማለዲን ዕድሜውን ሙሉ ክፉ ነገር በስሙ ጠርቶ አያውቅም። ክሊኒክ ሄዶ ፎርም ሲሞላ «አደጋ ቢደርስ ለማን እንደውል?» የሚለውን መስመር ባዶ ይተወዋል። የሕይወት ኢንሹራንስ ሊሸጥለት የመጣውን ሰውዬ «ምን አድርጌህ ነው የምታሟርትብኝ?» ብሎ ከበር መልሶታል። ደሴ ያደገበት ቤት እንዲሁ ነበር፤ እናቱ የበሽታ ስም ከተነሳ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ሳን ሆዜ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሾፌር ሆኖ ሲሠራ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ብቻ ክፉ ነገር ከአፍ ከወጣ ቤቱን ፈልጎ ይመጣል ብሎ ያምናል።

ስለዚህ ሐሙስ ማታ ልጁ ረምዚያ ካርታ ይዛ ስትገባ ገና ከጅምሩ አልጣመውም። ረምዚያ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ሬድውድ ሲቲ ቢሮ ትሠራለች፤ እረፍቷን ደግሞ ተራራ ስትወጣ ታሳልፋለች። ድሮ በበጋ ቋጥኝ ላይ ነበር የምትንጠለጠለው፣ ዘንድሮ በክረምቱ በረዶ ላይ መውጣት ጀመረች። ጀማለዲን ይህን ለሰው ሲያወራ «ስፖርት ትሠራለች» ብሎ ያልፈዋል።

«ባባ፣ ቅዳሜ ከሊን ጋር ሲዬራ ተራሮች እንሄዳለን» አለችው። ሊን አብራት የምትወጣ ጓደኛዋ ናት። «ሁልጊዜ ኮንታክት የምትሆነኝ ሩምሜቴ ትራቭል አድርጋለች። ስለዚህ አንተ ነህ። ስልክ ሁልጊዜ የሚያነሳ ሰው አንተን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ሲምፕል ነው። በእናንተ አስር ሰዓት፣ በእኛ ፎር ፒኤም፣ ቴክስት ካላደረግኩህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነምበር ኮል አድርግ። ሸሪፉ ነው፣ የአካባቢው ፖሊስ። የጻፍኩትን አንብብላቸው፣ ዛትስ ኢት።»

«ረምዚያ!»

«ሊስን፣ ባባ። ሪስኩ ከፋይቭ ስሪ ነው። የድሮው በረዶ ላዩ መስታወት ሆኗል፣ አዲሱ ላዩ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልተጣበቀም። እኛ ደህናውን ጎን ይዘን ነው የምንወጣው፣ ባት አቫላንሽ፣ የበረዶ ናዳ፣ ቢመጣ...»

«ዝም በይ! አታሟርቺ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው።

ሳቀች። ይህን ቃል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። «ቃል ግባልኝ። ፎር እንጂ ፎር ሰርቲ አይደለም። ብርሃን እያለ ሄሊኮፕተር ይመጣል፣ ከጨለመ ላይመጣ ይችላል።»

«እሺ፣ እሺ። ኢንሻአላህ አንቺው ትደውያለሽ» አላት።

ወረቀቱን አልገለጠውም። መኪናው ውስጥ፣ ከመሪው በላይ ያለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ሰካው። ሚስቱ ዘቢባ ያን ማታ ሥራ ላይ ነበረች፤ ስትመጣም አልነገራትም።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ሲሆን ፍሪሞንት መንገደኛ እያወረደ ነበር። ሰማዩ ዳመን ብሏል፣ ዝናቡ ግን ገና አልጀመረም። ስልኩን አየ፤ ምንም የለም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና አየ። «ኔትወርክ አይኖርማ፣ ተራራ ላይ ምን ኔትወርክ አለ?» አለ ለራሱ። አስር ተኩል ላይ መንገድ ዳር ቆመ። እጁ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ሳይነካው ተመለሰ።

ቢደውል ምን ሊል ነው? «ልጄ ከተራራ አልተመለሰችም» ሊል ነው። ያ ቃል ከአፉ እስካልወጣ ድረስ ረምዚያ መንገድ ላይ ናት፣ መኪናዋን እየነዳች ነው፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። ከወጣ ግን አለቀ። ስልኩን አነሳና ጋሽ አብርሃ ጋ ደወለ። ጋሽ አብርሃ ኦክላንድ የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ አብረው ታክሲ ሲነዱ የተዋወቁ፣ ጀማለዲን የልቡን የሚያወራቸው ሰው።

«ጋሽ አብርሃ፣ ረምዚያ ትንሽ ቆየችብኝ» አላቸው።

«ከየት?»

«ከተራራ። በአስር ሰዓት ካልደወልኩ እዚህ ቁጥር ደውል ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ እኔን ምን ታወራኛለህ? ስልኩን ዝጋና ደውል! አሁኑኑ!»

«እሺ ጋሼ፣ እደውላለሁ።»

ዘጋው። አልደወለም።

እዚህ ላይ ሰውዬውን ትከሻውን ይዞ መነቅነቅ ያምራል። እሱ ግን መኪናውን አስነስቶ ሳን ሆዜ ወደሚሰግድበት መስጊድ ሄደ። መግሪብን ሰገደ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ልጁን ከአላህ ለመነ፣ ምንጣፉም በእንባው ራሰ። ዱዓ ጥሩ ነው፤ ስልኩም እኮ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሲወጣ ጨልሟል፣ ዝናቡም ይወርዳል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ወረቀቱን አውርዶ ገለጠው። ከላይ፣ ልጅ ሆና ተምራው በረሳችው ጠማማ የአማርኛ ጽሕፈት፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንድ መስመር አለ፤ «ባባ፣ እንዳትጠብቅ።» ከሥሩ በእንግሊዝኛ የመኪናዋ ታርጋ፣ የሚወጡበት መንገድ፣ የጃኬቷ ቀለም። አባቷን አሳምራ ታውቀዋለች። ደወለና ስልኩን ላነሳችው ሴትዮ አንድ በአንድ አነበበላት።

«ስንት ሰዓት ነበር የምትመለሰው?» አለችው።

«ፎር።»

ሴትዮዋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ያን ሌሊት ተራራው ላይ ውሽንፍር ስለነበር ሄሊኮፕተር አልተነሳም። በእግር የሄዱት ነፍስ አድን ሠራተኞች እሁድ ጠዋት ደረሱ። ሊን በሕይወት ነበረች። ረምዚያን የገደላት ናዳው አልነበረም፣ ብርዱ ነው።

ቀብሩ ተፈጸመ፣ ለቅሶ ቤቱ ሞላ። የመጣ ሁሉ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ አንተ የቻልከውን አድርገሃል» ይለዋል፣ ጀማለዲንም ራሱን በእሺታ ይነቀንቃል። ዘቢባ እንኳ «በጊዜው ደውለህላት ነበር፣ አየሩ ነው ያልታዘዘው» ብላ ለሴቶቹ ስትናገር ሰምቶ አላረማትም። ጋሽ አብርሃ በየቀኑ ከኦክላንድ እየመጡ ጥግ ይቀመጣሉ። እሳቸውም የሚያውቁትን ለማንም አልነገሩም። ጀማለዲን ግን ዓይናቸውን ማየት አቅቶታል፣ ሞቶ ቢገላገል ደስ ይለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ሊን ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ መጣች። ባልና ሚስቱ ፊት ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ታወራ ጀመር።

«ናዳው የወሰደን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ቆፍሬ አወጣኋት። እግሯ ተሰብሮ ነበር፣ ግን ታወራለች፣ ትቀልዳለች። ‹አባቴ ፎር ላይ ይደውላል፣ በሕይወቱ ዘግይቶ አያውቅም› አለችኝ። ፎር ሲሆን ሰዓቷን አሳየችኝ። ‹አሁን እየደወለ ነው› አለች። ደመናው ገና እኛ ጋ አልደረሰም ነበር። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ሰማይ ሰማዩን እያየን ጠበቅን።»

ዘቢባ እንግሊዝኛው ፈጥኖባታል። እጇን የባሏ እጅ ላይ አደረገች። «ምን አለች? ንገረኝ እንጂ።»

«አልፈራችም አለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘቢባ፣ እንባዋ እየወረደ። ቆየት ብላ «ፎር፣ ፎር ስትል ሰማኋት። ፎሩ ምንድን ነው?» አለችው።

ጋሽ አብርሃ አንገታቸውን ደፉ።

«ሰዓት ነው። አስር ሰዓት።»

«አስር ሰዓት ላይ ምን ሆነ?»

ጀማለዲን ጥግ ወዳሉት ሽማግሌ አየ፣ ከዚያ ወደ ሊን ክንድ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ፊት። ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ዓይነት ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር።

«ደውል ብላኝ ነበር» አለ። «አልደወልኩም።»

ዘቢባ እጇን ከእጁ ላይ አነሳች።