የአመዱ መስመር

ሰኔ ሃያ ስድስት ሰኞ ጠዋት፣ ሽመክት ውዳሴ ማርያሙን አድርሶ ሬዲዮውን ቢከፍት የለንደን ሰዎች ተጣልተው አገኛቸው። ጠባቸው የክሪኬት ነበር። ቤርስቶው የሚባለው የእንግሊዝ መቺ የተወረወረችበትን ኳስ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋትና፣ «ይህችስ አበቃች» ብሎ ጓደኛውን ሊያነጋግር ከመስመሩ ወጣ ይላል። ከኋላው ኳሷን የቀለባት የአውስትራሊያው ኬሪ ግን እጁ ላይ አላቆያትም፤ ወርውሮ መቺው የሚጠብቃቸውን ሦስት እንጨቶች መታበት። በክሪኬት ሕግ፣ መቺ መስመሩን ለቅቆ ሳለ እንጨቱ ከተመታ ከጨዋታው ይሰናበታል። ዳኞቹም ተሰናበት አሉት፤ እንግሊዞችም ተሸነፉ።

አንዱ «ሕግ ሕግ ነው» ይላል። ሌላው «ሕግስ ሕግ ነው፤ ግን ነውር ነው» ይላል። የእንግሊዙ አለቃ ስቶክስ እንዲህ ሆኖ ማሸነፍ አልፈልግም ብሏል። የአውስትራሊያው አለቃ ከሚንስ ግን በደንቡ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ሽመክት ጭኑ ላይ የዘረጋውን የልጓም ቆዳ ትቶ፣ መርፌውን በአየር ላይ እንደያዘ አዳመጠ።

ክሪኬትን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ዕድሜው አርባ ስምንት፣ ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል፣ ሥራው ለዳንግላ ጋሪዎች ልጓምና ጠፍር መስፋት ነው። እንግሊዝኛን ያስተማረው ሬዲዮ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አንድ የተገነጣጠለ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ፣ ያልገባውን ቃል እስኪገባው እየጠበቀ። ክሪኬትንም የወደደው ስለማይቸኩል ነው። እግር ኳስ ሰው ምሳውን ሳይጨርስ ያልቃል። ክሪኬት አምስት ቀን ይቆያል። ቀን ለረዘመበት ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ ጓደኛ ነው።

ለሽመክት ደግሞ ቀኑ ረዝሞበታል። የዛሬ ዐሥራ አራት ወር ታናሽ ወንድሙ ትዕዛዙ በገበያ መሃል፣ በአንዲት ክፉ ቃል ተነሣስቶ ስንታየሁ የሚባል ሰው ገደለ። መንግሥት ትዕዛዙን አሠረው። የሟች ወንድም ባምላክ ግን እሥር ቤት ገብቶ ደሙን ሊመልስ አይችልምና፣ ዕዳው ወደ ውጭ ወዳለው ወንድም ዞረ። የአገሩ ልማድ የታወቀ ነው፤ ደመኛ የሰው አጥር ጥሶ አይገባም። ከአጥሩ የወጣውን ግን ቢያገኘው ማንም «ለምን?» አይለውም። ስለዚህ ሽመክት አጥሩ ውስጥ ቀረ። ቆዳውን ሚስቱ ይታይሽ ታመጣለታለች፤ የሰፋውን እሷው ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው፤ ቅዳሴው ከነዜማው ይሰማል። እሱ ግን በሩ ሥር ቆሞ በሩቁ ያስቀድሳል። መጀመሪያ ላይ ይህ ከበደው። በኋላ ደግሞ መልመዱ ከበደው።

ሽማግሌዎች ዓመት ሙሉ ተመላልሰው፣ በመጨረሻ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ሐምሌ አምስት፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሁለቱ ወገኖች በካህን ፊት መስቀል ይስማሉ፤ ደሙም ይደርቃል። ሽመክት ያንን ቀን የሚጠብቀው እንደ ትንሣኤ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ግን ዋናው ሽማግሌ አያ ደሴ ብቻቸውን መጡ።

«ቤቶች!»

«አያ ደሴ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ ይታይሽ፣ በርጩማ አምጪላቸው።»

አያ ደሴ አልተቀመጡም። ዱላቸውን ተደግፈው ግቢውን በዓይናቸው ዞሩት። ከአጥሩ በር ወዲህ የተተከሉት ሦስት የቀርከሃ እንጨቶች ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከእንጨቶቹ ፊት በአመድ የተሰመረ መስመር አለ።

«እንዲያውም እውነት ነዋ!» አሉ።

«ምኑ?»

«ሽመክት ሦስት እንጨት ተክሎ፣ አመድ በትኖ አስደግሟል ተባለ። አንዱ እንጨት የሟቹ፣ አንዱ የባምላክ፣ አንዱ የእናቲቱ የወርቅነሽ ነው አሉ። አንዱ ወድቋል፣ ሁለቱ ቀርተውታል እየተባለ ነው።»

ሽመክት አማተበ። «በስመ ሥላሴ! እኔ ነኝ መተት የማስደግመው?»

«አንተ ነህ አላልኩም። ተባለ ነው ያልኩ። ባምላክ ደግሞ ሰምቶ፣ ‹ከጠንቋይ ቤት ሰው ጋር መስቀል አልስምም› ብሏል። ሐምሌ አምስት የለም።»

 ለእሳቸው በመጣው በርጩማ ላይ ሽመክት ራሱ ተቀመጠ።

«ክሪኬት ነው፣ አያ ደሴ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጨዋታ። የእንግሊዝ ጨዋታ።»

«በል እንግዲህ! ደም አለብህ፤ ጾም ነው፤ ራስህ ሸብቷል፤ አንተ ደግሞ ጨዋታ ያዝክ?»

«አልተጫወትኩም። በጆሮዬ የሰማሁትን በዓይኔ ላየው ብዬ ነው። ይኸው፣ መቺው እዚህ ይቆማል። ወርዋሪው ከወዲያ ሆኖ ኳሷን ወደ እንጨቶቹ ይወረውራል። መቺው እንጨቶቹን በዱላው ይጠብቃል። ይህን መስመር ከለቀቀ ግን ጠባቂ የለውም።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አምስት ቀን።»

«አምስት ቀን!»

«ምሳ አለ፤ የሻይ ሰዓት አለ፤ ዝናብ ከመጣ ያቆማሉ። አንዳንዴ አምስት ቀን ውለው ሳይሸናነፉ ይለያያሉ።»

አያ ደሴ ሳቅ አመለጣቸው። «ይህማ ጨዋታ አይደለም፤ ሽምግልና ነው! እኛ ግን ሻይ የለንም።»

ሽመክት የሰኞውን ወሬም ነገራቸው፤ ያበቃ መስሎት ከመስመሩ ስለወጣው ሰው። ሽማግሌው ሳቃቸውን ተዉ።

«ለምን ወጣ ሞኙ?»

«ያበቃ መስሎት። ዳኛው ግን ገና ‹በቃ› አላለም ነበር።»

ሁለቱም ሳያስቡት ወደ አጥሩ በር ተመለከቱ።

«ንቀላቸው፣» አሉ አያ ደሴ ዝግ ብለው።

«ከነቀልኳቸውማ አምኛለሁ ማለት ነው። ‹ሲታወቅበት ነቀለው› ይሉኛል።»

«ካልነቀልካቸውም እርቅ የለም።»

ሽመክት አጎነበሰ። ወዲህ ቢል አጥር፣ ወዲያ ቢል አጥር። አያ ደሴ ዱላቸውን መሬቱ ላይ መታ አደረጉ።

«እኔ ይህን ነገር ለባምላክ ማስረዳት አልችልም። መንገድ ላይ እስክደርስ እረሳዋለሁ። ራስህ አስረዳው። ዓርብ አመጣዋለሁ። እሱ ከበሩ ውጭ፣ አንተ ከበሩ ውስጥ።»

ዓርብ ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ባምላክ መጣ። እናቱ እማማ ወርቅነሽ በጋሪ መጥተው ከመንገዱ ማዶ ከግንድ ላይ ተቀመጡ። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ባምላክ ጋቢ ደርቧል፤ የጠመንጃው አፈ ሙዝ ከትከሻው በላይ ይታያል። ሽመክት የአጥሩን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ከአመዱ ወዲህ ቆመ። በዐሥራ አራት ወር ውስጥ ሁለቱ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

«እንደምን ሰነበትክ፣ ባምላክ?»

ባምላክ ሰላምታውን አልመለሰም። «እንግሊዝ በአመድ ነው የሚጫወተው?»

«እነሱ በነጭ ቀለም ነው የሚያሰምሩት። እኔ ከምድጃዬ ወሰድኩ።»

«ጠንቋይም ከምድጃው ነው የሚወስደው።»

«ባምላክ!» አሉ አያ ደሴ። «ሰውየውን ስማው ብዬህ አይደል?»

ሽመክት ከኪሱ ኳሷን አወጣ። በልጓም ቆዳ የሰፋት፣ ውስጧ ጨርቅ የተጠቀጠቀባት፣ ወገቧ ላይ ስፌቷ ጎላ ብሎ የወጣ ነበረች። በሬዲዮ «ስፌቷ መሬት ስትነካ ኳሷ ትታጠፋለች» ሲሉ ሰምቶ፣ እንዴት እንደሆነ ሊገባው ያልቻለውን ሊያይ ሦስት ቀን የሰፋት ናት። በመሬት አንከባለለለት። ባምላክ አነሣት፤ በእጁ መዘናት፤ ስፌቷን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

በልጅነቱ በገና ጨዋታ ስሙ የታወቀ ነበር። ገና በመጣ ቁጥር የወዲያኛው ሰፈር ልጆች «ባምላክ አለ?» ብለው ጠይቀው ነበር ወደ ሜዳ የሚወጡት። እጁ ኳስ ሲይዝ ፊቱ ሳያዘው ትንሽ ላላ።

«ከገና ኳስ ትከብዳለች» አለ።

«እንደሰማሁት እነሱ የሚጫወቱባት ከዚህም ትጠነክራለች።»

«እንዴት ነው የምትወረወር?»

«ክንድህን ሳታጥፍ። እንጨቶቹን ምታ። መታሃቸው ማለት እኔን አሰናበትከኝ ማለት ነው።»

«እንግዲያ ቀላል ነው፣» አለ ባምላክ። ጋሪ ነጂው ሳቀ። እማማ ወርቅነሽ አልሳቁም።

የመጀመሪያዋ ከእንጨቶቹ ርቃ አጥሩን መታች። ሽመክት አንከባሎ መለሰለት። ሁለተኛዋ በጆሮው አጠገብ አለፈች፤ ጎንበስ ባይል ፊቱን ትመታው ነበር። «ይህችስ ሆን ብለህ ነው!» አለ፤ ባምላክም «ኧረ እጄ ነው» አለ፤ ሁለቱም ለአንድ አፍታ ማን እንደሆኑ የረሱ መሰሉ። ሦስተኛዋ መሬት ነጥራ ቀጥ ብላ መጣች። ሽመክት በቀርከሃ ዱላው መሃሏን አገኛት። ኳሷ በበሩ ወጥታ፣ በባምላክ ራስ ላይ አልፋ፣ ከመንገዱ ማዶ ቦይ ውስጥ ወደቀች።

«ይኼኔ መቺው ይሮጣል!» አለ ሽመክት፤ ሮጠም።

ዐሥራ አራት ወር ያልሮጠ እግር ነው። አመዱን ረገጠ፣ የበሩን ጉበን አለፈ፣ መንገዱ ላይ ወጣ፣ ዱላውን ወደ ፊት ዘርግቶ ወርዋሪው የቆመበት ቦታ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ነው ትንፋሹ የባምላክን ጋቢ ሲነካ ያየው። የቆመው መንገድ ላይ ነው። አጥሩ ከኋላው ነው።

ይታይሽ ከቤት ደጃፍ ላይ «ወይኔ!» አለች። ከዚያ በኋላ የጋሪው ፈረስ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

የባምላክ ፊት ተመልሶ ጠጠረ። ቀኝ እጁ ወደ ጠመንጃው ማንገቻ ወጣ። ሽመክት ዞሮ መሮጥ ይችል ነበር፤ ግን ጀርባ መስጠት ይሆናል። ዱላውን መሬት ጣለና እንደቆመ ቆመ።

«ባምላክ፣ በእግዚአብሔር!» አሉ አያ ደሴ።

«ይቆዩ፣ አያ ደሴ፣» አለ ባምላክ። «አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። ሳያውቅ ከመስመሩ ስለወጣ ሰው።» ዓይኑን ከሽመክት ላይ አልነቀለም። «እነዚያ የመቱበት ሰዎች፣ አለቃቸው አለ አይደል? ማረው?»

በዚያ መንገድ ላይ የለንደኑን ወሬ የሚያውቅ ከሽመክት በቀር ማንም የለም። «አዎ፣ ማረው፤ ተቃቀፉም» ቢል የሚያጋልጠው አንድ ሰው አልነበረም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጠዋት ጠዋት በዚሁ ምላስ ውዳሴ ማርያም እንደሚያደርስ አሰበና ዋጠው።

«አልማረውም።»

«ለምን?»

«ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ጮኹበት፣ ሰደቡት። እሱ ግን በደንቡ ነው አለ። አሸንፈውም ሄዱ።»

 «ደግ አደረገ፣» አለ ባምላክ። እጁ ከማንገቻው አልወረደም።

ያን ጊዜ እማማ ወርቅነሽ ከግንዱ ላይ ሳይነሡ በአዊኛ ለልጃቸው ተናገሩ። ሽመክትም አዊኛ የእናቱ ቋንቋ ነውና ሰማው። «መዋሸት ይችል ነበር። በመተት የሚታመን ሰው እዚህ ላይ ቆሞ እውነት አይናገርም። እጅህን አውርድ።»

እጁ ወረደ። አያ ደሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ ወደ እናቲቱ ሄዱ። «እንግዲህ ሐምሌ አምስት አለ ማለት ነው፣ ወርቅነሽ?»

«መስቀሉን እንስማለን» አሉ፤ አሁን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ቀብርም ይድረስ። ገበያ ግን አይውጣብኝ። ልጄ የወደቀው ገበያ መሃል ነው። እዚያ ቦታ ላይ የዚያ ቤት ሰው ሲገዛና ሲሸጥ ማየት አልችልም።»

«ሰውየው እኮ የገበያ ሰው ነው፤ ጠፍሩን በምን...»

«ሚስቱ ትሽጥ። ዓመት ሙሉ ሸጣ የለም?»

ሽመክት ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «እስከ መቼ ነው፣ እናቴ?»

«እኔ በሕይወት እስካለሁ።»

አያ ደሴ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሽመክት ቀደማቸው። «እሺ» አለ። «ዕድሜዎን ያርዝመው።» ይህን ሲል ምን እንደተመኘ ገብቶታል፤ ቃሉን ግን አልመለሰውም።

«እስከ ሐምሌ አምስት ገና አላበቃም፣» አለ ባምላክ። «ግባ።»

ገባ። የአጥሩን በር ከውስጥ በገዛ እጁ ዘጋው።

ሐምሌ አምስት ዕለት በካህኑ ፊት ሁለቱም መስቀሉን ሳሙ። ባምላክ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም። እማማ ወርቅነሽ ሽመክት በእርቅ ልማድ ተሸክሞት የመጣውን ድንጋይ ከአንገቱ ላይ እንዲያወርዱለት በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ሰውም እልል አለ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይታይሽ የልጓሙን ጥቅል ተሸክማ ከጎኑ ሄደች። ስንት ወር ያልተራመደበት መንገድ ነው፤ ሰዎች ያቅፉታል፣ «ከስተሃል» ይሉታል፣ እሱም «ይመስገን» ይላል። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ሲደርሱ ከግራ በኩል የገበያው ድምፅ መጣ፤ የጋሪ ነጂዎች ጩኸት፣ የሻጭና የገዢ ክርክር፣ አንዱ የአንዱን ስም ሲጠራ።

ይታይሽ ቆመች። ጥቅሉን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«በል እንግዲህ፣ በሰላም ግባ፣» አለችው።

«የፈረሱን ልጓም ለብቻው ያዢው፤ ስፌቱ እንዳይላላ።»

«አውቃለሁ።»

ነጠላዋ ከሰዉ ነጠላ ተቀላቅሎ እስኪጠፋው ድረስ ቆሞ አያት። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረ።