የአልጋ ዘጠኝ ጠርሙስ

ሲስተር ሰገነት ሰው አታምንም። ይህን የሚሉት ባልደረቦቿ ብቻ አይደሉም፤ ራሷም ሳታፍር ትናገረዋለች። ከየካ አባዶ ጉርድ ሾላ እስካለው ሆስፒታሏ ድረስ በሚኒባስ የምትመጣው ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው። ሌላ ሰው የለካውን ትኩሳት ደግማ ካልለካች አይሆንላትም። እንዲህ ያለች ሴት ማክሰኞ ጠዋት የአልጋ ዘጠኝን ቻርት ስታይ አንድ ነገር ከነከናት።

አልጋ ዘጠኝ ላይ የተኙት አቶ ተክለጻድቅ ናቸው፤ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ የሚሸጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው። አንጀታቸው ተጠማዝዞ፣ ከፊሉ ደም አጥቶ ጠቁሮ ነበር የመጡት። ሐኪሞቹ የሞተውን ቆርጠው አወጡ፣ የቀረውን ገጠሙ፣ ሆዳቸውን ግን አልሰፉትም። ያበጠ አንጀት በግድ ቢሰፉበት ይታፈናል፤ ደግሞም ተመልሶ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍቱን በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፈኑት፤ ፈሳሹ አልጋው ሥር ወዳለ ጠርሙስ እንዲወርድም ቱቦ አስገቡለት። ለጠፋው ፈሳሽ በደም ሥር ምን ያህል እንደሚተካ የሚታወቀው በዚያ ጠርሙስ ነው። ሆዱ መቼ እንደሚዘጋ የሚወሰነውም በዚያው ነው።

የጠርሙሱ ቁጥር ደግሞ ሲያምር! ቅዳሜ ስድስት መቶ፣ እሁድ አራት መቶ፣ ሰኞ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ዛሬ መቶ ሃምሳ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ማቲዎስ አይቶ ደስ አለው። “በአራት ሰዓት ኦፕራሲዮን ክፍል ይግቡልኝ፤ ዛሬ እንዘጋቸዋለን” ብሎ ወደ ሌላው አልጋ አለፈ።

ሰገነት ግን እዚያው ቆማ ቀረች። የልብ ምታቸው መቶ ሠላሳ። ሽንታቸው ትንሽ ነው፤ እሱም እንደ ሻይ ጠቁሯል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እየዳነ ያለ ሰው እንዲህ አይሆንም። ደግሞስ በሽታ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ተጠንቅቆ እየረገጠ ሲወርድ ማን አይቶ ያውቃል? ይህን ቁጥር የሚፈጥረው ሰው አለ። ዛሬ ሆዳቸው በውሸት ቁጥር ከተዘጋ ደግሞ አቶ ተክለጻድቅ ይሞታሉ።

ማን እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ግሩም ነው። ግሩም የአዳር ተረኛ ነርስ ነው፤ ዓይኑ ከስልኩ አይነቀልም፣ ርክክብ ላይ ሁልጊዜ “ሁሉም ሰላም ነው” ይላል። ሰገነት ሁሉም ሰላም የሆነበት ዋርድ በዕድሜዋ አላየችም። ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ኮሪደር ላይ ያዘችው።

“ይሄን መቶ ሃምሳ በዓይንህ አይተኸዋል?”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ጠርሙሱን አይተሃል ወይስ ከጭንቅላትህ አውጥተህ ነው የጻፍከው?”

ግሩም አልጮኸም። ቻርቱን ከእጇ ወስዶ ገለጠና በጣቱ አሳያት። “ይቺ ስድስት መቶ የማን ጽሑፍ ናት? አራት መቶዋስ? ፊርማሽን አታውቂውም እንዴ?” አለ። “እኔም አንቺም አንድ ነን። አስታማሚዋን ‘ስንት ሆነ?’ እንላለን፣ የነገሩንን እንጽፋለን። እስኪ አይደለም በይኝ!”

አይደለም ልትል አትችልም። ሠላሳ አልጋ ለሦስት ነርስ ነው። በሽተኛውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ የሽንቱን ከረጢትና ጠርሙሱን የሚደፋው አስታማሚው ነው፤ እንዲህ ሆኖ ነው ዋርዱ የኖረው። ልኩን ማንበብ ለአቶ ተክለጻድቅ ሚስት ያስተማረቻቸውም ራሷ ሰገነት ናት። ሰው አላምንም ባይዋ ሴት ራሷ የሰው ወሬ ስትፈርምበት ከርማለች። አፈረች፤ ከዚያ ደግሞ በራሷ ተናደደች። ግሩምን ግን ይቅርታ አላለችውም፤ አሁን ጊዜ የለም ብላ ነው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። አንሶላ የሚደረደርበት ቁም ሣጥን ጥግ ቆማ አልጋ ዘጠኝን መጠበቅ ያዘች። የአቶ ተክለጻድቅ ሚስት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ዋርዱ ሁሉ የሚያመሰግናቸው ሴት ናቸው። አይጨቀጭቁም፣ አያለቅሱም፣ “እሺ ሲስተር” ከማለት ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እስከ ዛሬ ጠዋት ሰገነትም ትወድላቸው ነበር፤ አሁን ያ ዝምታ ራሱ አስፈራት።

ሴትዮዋ ግራና ቀኝ አዩ። ጎንበስ ብለው ቱቦውን እንደተማሩት ቆለፉ፤ ጠርሙሱን ነቅለው ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉና ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ። ሰገነት ተከተለቻቸው፤ በሩን ስትገፋው ጠርሙሱን ሊደፉት አዘንብለውታል።

“ስንት ሆነ?” አለቻቸው።

“ትንሽ ናት፣ ሲስተር። ሠላሳ ብትሆን ነው።”

ጠርሙሱ ሦስት መቶ አልፏል። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ሽታውን የሚያውቅ አፍንጫ አይሳሳትም። የተገጠመው አንጀት እያፈሰሰ ነው።

“እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሊገድሏቸው ነው?”

“እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?” አሉ ሴትዮዋ። እሺታቸው የት እንደገባ እንጃ። “ከሁለት መቶ ካነሰ እንዘጋዋለን ያለው ሐኪሙ ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ ሲመጡ እኔን ውጪ ትሉኛላችሁ። መጋረጃ ትዘጋላችሁ። ገልጣችሁ ለነሱ ታሳያላችሁ፤ የሠላሳ ዓመት ሚስቱ በር ላይ እቆማለሁ። የሰው ሆድ ተከፍቶ ይተዋል? መማሪያ አድርጋችሁት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ቶሎ እንዲዘጋልኝ ብዬ ነው!”

ሰገነት ልትቆጣ አፏን ከፍታ ተወችው። ሆዱ ለምን ክፍት እንደቀረ ለእኚህ ሴት ማን ነገራቸው? ሐኪሙ ነርሷ ትነግራቸዋለች ብሏል፤ ነርሷ ሐኪሙ ነግሯቸዋል ብላለች። ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ ዶክተር ማቲዎስ ሮጠች።

አቶ ተክለጻድቅ በአራት ሰዓት ገቡ፤ ሊዘጋላቸው ሳይሆን ሊታዩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ዶክተር ማቲዎስ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ጠራት። መጋጠሚያው ላይ ምስር የምታክል ቀዳዳ አግኝቷል፤ ሆዱን አጥቧል፣ ሰገራው በከረጢት እንዲወጣ አንጀቱን በጎን በኩል አውጥቷል፣ እንደገናም በፕላስቲክ ሸፍኖታል።

“ዛሬ ዘግተነው ቢሆን እሁድን አያዩም ነበር” አላት። “ቁጥሩን ማነው ያበላሸው?”

ሴትዮዋ ራቅ ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከሁለቱ ላይ አልተነሳም።

“እኔ ነኝ። ሳላይ ጻፍኩ” አለች ሰገነት።

“በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ” ብሎ ገባ።

ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እጃቸውንም ያዘች። “ወጥተዋል፣ እትዬ። ደህና ናቸው። እርስዎ ላይ የሚመጣ ነገር የለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬዋለሁ።”

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ እጃቸውን ነጠቋት። “ሞቷል” አሉ።

“ኧረ በፍጹም!”

“ሞቷል እንጂ! ሳትቆጪኝ ቀረሽ፤ ጭራሽ ጥፋቴን ወሰድሽልኝ። ሰው እንዲህ የሚለሰልሰው ለሐዘንተኛ ነው። አትሸንግይኝ!”

ሰገነት እንደዚያ ቀን ልቧ ተሰብሮ አያውቅም። የማያምን ሰው ምን ቢነግሩት እንደማይሰማ ከራሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ብድግ አለችና የእንግዳ ጋውን፣ ቆብና ጭምብል አልብሳ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ማገገሚያው ክፍል አስገባቻቸው።

አቶ ተክለጻድቅ ይተነፍሳሉ። ሰገነት አንሶላውን እስከ ወገባቸው ገለጠችና መብራቱን አቀረበች። በፕላስቲኩ ውስጥ ቀላ ያለው፣ የረጠበው አንጀት በቀስታ ይላወሳል።

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። “የሱ ነው?”

“የሳቸው ነው።”

“ይንቀሳቀሳል።”

“ሕይወት አለው እኮ። አብጧል፣ አሁን ቢዘጋ ይታፈናል። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው ገብተው ያዩታል። ከዚያ ነው የሚዘጋው።”

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሊነኩ የዘረጉትን እጅ ራሳቸው መለሱት። እንባቸው ጭምብሉን አራሰው።

“በይ ሸፍኚው፣ ይበርደዋል” አሉ በመጨረሻ። “ሐኪሙንም አትቸኩል በይልኝ። ይቆይ።”